ፋብሪካ የማያውቃት መኪና

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ? የኔ ጉድ ግን መስከረምንም አልጠበቀ። ያውም ከጎረቤት አፍ አይደለም የሰማሁት፤ ከገዛ ባሌ አፍ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ እያየ። 

ሙላቷ እባላለሁ። ካርቱም፣ ማንሺያ ውስጥ፣ አባይ ዳር ካሉት ትልልቅ ቤቶች በአንዱ ምግብ አብሳይ ነኝ። አሠሪዬ ማማ ረሺዳ ትባላለች፤ በዕድሜ እናቴ ትሆናለች፣ ግን አረብኛ አንቱታ የለውምና አንቺ እያልኳት አብረን አረጀን። ባሌ ያረጋል ደግሞ ሰምከሪ ነው። እኛ አገር ላሜራ ቀጥቃጭ የሚባለው፣ የተጨፈለቀ መኪና የሚያቃና። ዴም ሰፈር ውስጥ በተከራያት ጠባብ ጋራዥ የተጋጨ ባለ ሦስት እግር ረክሻ ሲያቀና፣ የሃፍላ አውቶቡስ በር ሲለጥፍ ነው የኖረው። አመስግኖት የሄደ ሰው አላውቅም። የላሜራ ሥራ እንዲህ ነው፤ ካማረ "መኪናው ድሮም ጥሩ ነበር" ይላሉ፣ ካላማረ "የትኛው ሐበሻ ነው ያበላሸው?" ይላሉ።

አንድ ሥራ ግን አለው። አንድ ብቻ፣ ግን የዕድሜ ልክ ሥራ።

የማማ ረሺዳ ባል፣ ነፍሱን ይማረው፣ ሐኪም ነበር። ሰውየው ሚስቱን ይወዳል፣ ከሚስቱ ቀጥሎ ደግሞ አንዲት ቀይ የጣልያን መኪና ይወዳል፤ ሁለት ሰው ብቻ የምታስቀምጥ፣ ከመሬት የተጣበቀች፣ ለሩጫ የተፈጠረች። ማማ ረሺዳ ለእናቷ ለቅሶ መደኒ ከተማ ሄዳ፣ በዚያው አባቷን ስታስታምም በከረመችበት ጊዜ፣ ዶክተሩ በፖርት ሱዳን መንገድ ሲያበርራት ተገለበጠች። እሱ ያለ አንዲት ጭረት ወጣ። መኪናዋ ግን ከፊት ኮፈኗ በቀር ጤነኛ ቦታ አልቀራትም፤ ጣራዋ ወንበሯ ላይ ተኝቷል።

ማማ ረሺዳ ደግሞ "እንደገና ስትፈጥን ባይህ ከመኪናህና ከኔ ምረጥ" ብላው የሄደች ሴት ናት። የሰው ሆድ ሲቀድ እጁ የማይንቀጠቀጠው ሰውዬ ሚስቱን ፈርቶ ተንቀጠቀጠላችሁ! መኪናዋን በጭነት መኪና አስጭኖ ያረጋል ጋራዥ ወሰዳትና፣ "ያረጋል፣ ረሺዳ እንዳትሰማ። እንደምንም ብለህ መልሰህ መኪና አድርግልኝ" አለው።

መለዋወጫ ከየት ይምጣ? አገሩ ማዕቀብ ላይ ነው። ያረጋል ኡምዱርማን፣ ቁርጥራጭ ብረት ከሚሸጥበት ገበያ ሄዶ ከወደቀ አውሮፕላን የተገፈፈ አሉሚንየም አመጣ። ሥዕል የለው፣ ልኬት የለው። አሸዋ በሞላው ከረጢት ላይ እያስተኛ፣ በእንጨት መዶሻ እየደበደበ፣ በዓይኑ እየለካ ሙሉ አካሏን እንደ አዲስ ሠራት። ጣራው አስቸገረውና ያለ ጣራ ተዋት። እኔ ዳቦ ስደፋ ሊጡ ላይ በጣቴ መስቀል እንደማደርገው፣ እሱም እያንዳንዱን ላሜራ ከመግጠሙ በፊት በውስጥ በኩል በምስማር መስቀል ይጭርበታል። ጎንደር ሥራ ያስተማሩት ሽማግሌ ያስለመዱት ነው፤ "ሰው ነፍሱን አምኖ የሚቀመጥበት ነገር ነው፣ አማትብበት" ይሉት ነበር። ሲጨርስ ጠራኝና አሳየኝ። እኔ የመኪና ነገር ምን አውቄ! ግን አይቻት አለቀስኩ።

ማማ ረሺዳ ከመደኒ ስትመለስ ዶክተሩ ምን ቢላት ጥሩ ነው? "ያችን ሰጥቼ፣ ፋብሪካው ከጣት ቁጥር ሳያበልጥ የሠራትን ልዩዋን አስመጣሁልሽ!" ወይ መድኃኔዓለም! እሷም፣ ሰው እያሾፈባት፣ አመነችው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህንኑ ደገመው፤ ያኔ ገና ትንሽ የነበረው ልጁ አብዱልሰላምም ይህንኑ እየሰማ አደገ። ሲቆይ ዶክተሩ ራሱ ያመነው ይመስለኝ ነበር። ያረጋልን ግን ለብቻው ሲያገኘው ትከሻውን ይዞ፣ "አንድ ቀን ስምህን እናገራለሁ፣ ኢንሻአላህ" ይለዋል። ኢንሻአላህ እንዳለ ሞተ።

እኔ ይህን ቃል ከባሌ በላይ ይዤው ነበር። ሰው እድሜውን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ የሌላ ሰው ጥፋት ሲያቃና ኖሮ፣ አንዴ እንኳ "ይህን የሠራ ያረጋል ነው" ይባልለት ብዬ እመኝ ነበር። ሌላ ምንም አልፈለግኩም። ያረጋል ዶክተሩ ከሞተ ወዲህም ጁምዓ ጁምዓ እየመጣ ሞተሯን ያስነሳል፣ አቧራዋን ይጠርጋል፣ ከዚያ ዝም ብሎ ሲያያት ይቆያል። "ምን ታያለህ?" ስለው፣ "ምንም" ይለኛል።

ማዕቀቡ ተነሳ በተባለበት ሰሞን አብዱልሰላም ከዱባይ መጣ። አንድ ቀን ከርከዴ ቀዝቀዝ አድርጌ ይዤላቸው ስገባ፣ ስልኩን እናቱ ዓይን ሥር ደቅኖ ይጮሃል።

"ዩማ፣ እይ! ፋብሪካው አሉሚንየም የለበሱ፣ ጣራ የሌላቸው፣ በጣም ጥቂት ነው የሠራው። ከነሱ አንዷ የት እንደገባች ዓለም አያውቅም። ወላሂ የጠፋችው የኛዋ ናት!"

"አባትህ መች ደበቀኝ?" አለች ማማ ረሺዳ ረጋ ብላ። "ነግሮኛል እኮ። አባትህ አንድ ቀን እንኳ ዋሽቶኝ አያውቅም።"

ትሪው ከእጄ ሊያመልጥ ለጥቂት ነው።  ያ የፍርሃት ውሸት፣ ያ ሚስት ማታለያ፣ ለካ ባሕር ማዶ ሄዶ ዘመድ አግኝቷል! እንዲያው ሰው ሲዋሽ እንኳ እንዲህ ይገጥምለታል?

ገዢም ተገኝቷል አሉ፤ አንድ የገልፍ ሀብታም። ከመግዛቱ በፊት ግን ስለነዚህ መኪኖች መጽሐፍ የጻፈ ኻዋጃ፣ ነጭ ፈረንጅ፣ ከአውሮፓ መርማሪ አድርጎ ይልካል። እሱ "የፋብሪካ ናት" ካለ የፋብሪካ ናት። "አይደለችም" ካለ ቆርቆሮ ናት።

ሶባ፣ ቤታችን ገብቼ ነጠላዬን እንኳ ሳላወልቅ ለያረጋል ነገርኩት።

"እሰይ! እግዜር ራሱ ያመጣው ቀን ነው። ኻዋጃው ሲመጣ ቁምና 'በነዚህ እጆቼ ነው የሠራኋት' በለው። ሟቹ ቃሉን ይዞ ቢሞት አንተ አፍ የለህም?"

ያረጋል እጁን እየታጠበ ነበር። ውኃውን ዘጋና ዞረ።

"ሰውየው ግን እውነት የሚያውቅ ነው?"

"መጽሐፍ ጽፏል እያልኩህ!"

"ምን ይል ይሆን?"

"ስለ ምኑ?"

"ስለ ፓራፋንጎው። የኋላ ግራውን ኩርባ ስመልሰው ትንሽ አስጨንቆኝ ነበር።"

ደሜ ፈላ! እኔ ስለ ስሙ አወራዋለሁ፣ እሱ ስለ ጎማ መሸፈኛ ላሜራ፣ ስለ ፓራፋንጎ። "አንተን ማናገር ከግድግዳ ጋር መጣላት ነው" ብዬው ወደ ምድጃዬ ሄድኩ። ግን እያደር ሳስበው ገባኝ። እኔ አይቼ አልቅሻለሁ፣ ዶክተሩ አይቶ ተደስቷል፤ ሁለታችንም አናውቅም። ነገሩን የሚያውቅ ዓይን ሥራውን አይቶለት አያውቅም። ሰውዬው እንደ ተማሪ ውጤቱን ነበር የሚጠብቀው። እኔም "ይሁን፣ መጀመሪያ ይስማ፣ ከዚያ ይናገራል" ብዬ ልቤን አሳረፍኩ። እናገራለሁ ብሎኝ እንዳልነበር ያስተዋልኩት በኋላ ነው።

ቀኑ ደረሰ። አብዱልሰላም "መኪናዋን ሲንከባከብ የኖረ እሱ ነው፣ ዓሚ ያረጋልም ይኑር" ብሎ፣ እንደ አጎት ቆጥሮ፣ አስጠርቶታል። ያረጋል የፋሲካ ሸሚዙን ለብሶ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ መወልወያ ጨርቁን በእጁ ይዞ ግቢው ጥግ ቆመ። ማማ ረሺዳ ጥላው ሥር ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች። እኔ ውኃ አቀርባለሁ ብዬ ማሰሮውን ታቅፌ ከዚያች ግቢ ንቅንቅ አልልም አልኩ።

ኻዋጃው ረጅም፣ ቀጭን፣ ፊቱ በፀሐይ የተላጠ ሽማግሌ ነው። ሰላምታ እንኳ ለይስሙላ ሰጥቶ ቀጥታ ወደ እሷ ሄደ። ከኪሱ ማግኔት አወጣና ፓራፋንጎዋ ላይ ለጠፈው። ማግኔቱ ተንሸራቶ ወደቀ። በሯ ላይ ለጠፈው፤ ወደቀ። አብዱልሰላም "አሉሚንየም ነው! አሉሚንየም ነው!" እያለ እንደ ሙሽራ ሚዜ ይዘላል። ሽማግሌው ግን ገና አላመነም፤ ፊቱ እንደተቋጠረ ነው። ወንበሯን አስወለቀ፣ ባትሪ መብራት ይዞ ሆዱ እስኪታጠፍ ገባ። ከዚያ ድምፁ ጠፋ።

መስቀሉን አገኘው ማለት ነው!  ይኸው ተገለጠ፣ አሁንስ ያረጋል ባይናገርም መስቀሉ ይናገራል፤ የጣልያን ፋብሪካ የጎንደር መስቀል ከየት ያመጣል? ዞሬ አየሁት። ያረጋል ወደ መኪናዋ አንገቱን አስግጓል።

ኻዋጃው ወጣ። ዓይኑ ቀልቷል። አብዱልሰላም እየሰማ ወደ አረብኛ ይመልስልን ጀመር።

"በድሮ ጊዜ ፋብሪካው ውስጥ አንድ እጀ ወርቅ ቀጥቃጭ ነበር ይባላል። ስሙ አልተጻፈም። በሥራው ውስጥ፣ ሰው በማያየው ቦታ መስቀል ይጭር ነበር እየተባለ ይወራል። ብዙዎች ተረት ነው ይላሉ። እኔ ግን እድሜዬን ሙሉ ስፈልገው ኖሬያለሁ። ዛሬ በዓይኔ አየሁት።"

ኧረ በስመ አብ!  የኔ ባል ለበረከት የጫረው መስቀል ለሌላ ሰው ምስክር ሆነለት! እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ ይታወቃል? ያ መጽሐፍ የጻፈ ሰውዬ ከሁለት እርምጃ ያልራቀውን ሰው ትቶ፣ ኖረ አልኖረ የማይታወቅ ሙት ያመሰግናል።

ገና ሳልረጋጋ ኻዋጃው የኋላው ግራ ፓራፋንጎ ሥር ተንበረከከ። እዚያው ያረጋልን ያስጨነቀችው ቦታ ላይ። በዚያ ሲሚንቶ ላይ፣ በዚያ ፀሐይ! ዓይኑን ጨፈነና በጣቶቹ ጫፍ ቀስ አድርጎ እየዳበሰ ወረደ፤ ዓይነ ስውር የልጁን ፊት እንደሚዳብስ። ሲዳብስ ቆየ።

"እንዲህ ያለ እጅ ዛሬ በዓለም ላይ የለም" አለ።

ያረጋል ጨርቁን በሁለት እጁ ጨምቆ ይዞታል። 

"በል!" አልኩት በአማርኛ፣ ማሰሮውን መሬት አስቀምጬ። "ያረጋል፣ በል እንጂ! አሁን ነው!"

ኻዋጃው ተነስቶ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ አለ። አብዱልሰላምም ወደ ያረጋል ዞረ።

"ዓሚ ያረጋል፣ አንተ ሃይማኖተኛ ሰው ነህ። ከአባቴ ጋር የኖርክ አንተ ነህ። በሃይማኖትህ ንገረው፤ ከፋብሪካ ከወጣች ወዲህ አካሏን የነካ ሰምከሪ አለ?"

ያረጋል እኔን አላየኝም። የሸሚዙን ቁልፍ ፈታ፣ እጁን አስገብቶ ማተቡን ያዘ።

"የለም" አለ በአረብኛ፣ ጥርት አድርጎ። "እንደመጣች ናት። በማተቤ።"

 ይሄ ሰው እኮ፣ አንዴ ጋራዥ ውስጥ የብሎን መፍቻ ጠፍቶ "ማልና ነጻ ውጣ" ሲሉት፣ "ማተቤን ለመፍቻ አልይዝም፣ ፈትሹኝ" ብሎ በሰው ፊት ልብሱን ያወለቀ ሰው ነው! እውነት ይዞ እንኳ አልምልም ያለ ሰው ዛሬ ለሐሰት ማለ። ያውም ገዛ ራሱን ለመካድ! 

መቼ በዚህ በቃ! ኻዋጃው ደስ ብሎት ማግኔቱን እንደያዘ ወደ ፊት ዞረና ኮፈኗ ላይ ጣል አደረገው። ማግኔቱ ቀጭ ብሎ ተጣበቀ። ፊቱን አጨማደደ፣ በጣቱ አንኳኳ፣ ራሱን ነቀነቀ።

"ይቺ ግን ብረት ናት" እያለ አብዱልሰላም ተረጎመ። "የሰፈር ጥገና ትመስላለች። ሌላው አካል ላይ እንዲህ ያለ ተአምር ሠርቶ ይህን የሚያህል ድፍን ኮፈን የሚያስቀምጥ የለም። ተነቅላ ትጣላለች፤ በቦታዋ ከሌላው ጋር የሚመሳሰል ይሠራላታል።"

እመቤቴ ድረሽ! በዚያች መኪና ላይ ከፋብሪካ የመጣች ብቸኛዋ ቁራጭ እሷ ናት! የቀረው ሁሉ የዴም ሥራ ነው። የጣልያኑን "የሰፈር ጥገና" ብሎ ጣለ፣ የሰፈሩን ተንበርክኮ ተሳለመ! ልስቅ ነው፣ ልጮህ ነው፣ እኔም አላውቅም።

"እሷ እኮ..." ብዬ በአረብኛ ጀመርኩ።

የያረጋል እጅ የእጄን አንጓ ጨመደደው። እንደዚያ አጥብቆ ይዞኝ አያውቅም።

"ምን ሆንሽ ሙላቷ?" አለች ማማ ረሺዳ። እንባዋ በጉንጯ እየወረደ ትስቃለች፤ ከባሏ ሞት ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። "አላልኩሽም? ሰው ሁሉ ሲያሾፍብኝ፣ አልዋሸኝም አላልኩሽም?"

 "ሙቀቱ ነው ማማ" አልኳትና ማሰሮዬን አንስቼ ወደ ኩሽና ገባሁ።

ወደ ሶባ የሚወስደው ሃፍላ ውስጥ ከኋላ ተቀመጥን። መንገዱ ረጅም ነው፣ አያልቅም። ሃፍላው እስኪሞላ እንኳ አልጠበቅኩም።

"ኃጢአቱን ለንስሐ አባትህ ንገር፣ እሱ ያንተና የእግዜር ነው። ለኔ ግን ሌላውን መልስልኝ። ያንን ሽማግሌ ለምን አታለልከው?"

"ምኑን አታለልኩት? በእጅ የተሠራች፣ በዓለም ላይ አቻ የሌላት መኪና ነው የፈለገው። አቻ አላት እንዴ?"

"በነገር አታምልጠኝ! ስምህስ? ያ ሁሉ ዘመን የጠበቅነው ስምህስ?"

 ረዳቱ "ያላ፣ ጠጋ በሉ" እያለ ሰው ሲያስገባ፣ ሴትዮዋ ዘንቢሏን እግራችን ላይ ስታስቀምጥ፣ እሱ እጆቹን ያያል። ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁር ለፋሲካ ሸሚዝም አልለቀቀም።

"እጁን ያነሳ ነበር" አለኝ።

"ምን?"

"ኻዋጃው። ዓይኑን ጨፍኖ ሲዳብሳት አላየሽውም? 'እኔ ነኝ፣ ያረጋል፣ የዴሙ ሰምከሪ' ብለው ኖሮ እጁን አንስቶ፣ ጉልበቱን አራግፎ ይሄድ ነበር። ላሜራው ያው ነው፣ መዶሻው ያው ነው፣ መኪናዋ ግን እዚያው ቆርቆሮ ትሆን ነበር። እኔን አውቆ እሷን ከሚንቃት፣ እኔን ሳያውቀኝ ያክብራት።"

"እሺ ኮፈኗስ? የፋብሪካዋን ኮፈን ሊጥላት ነው እኮ!"

ያረጋል ፈገግ አለ። በስንት ዘመኑ!

"ይጣላታ። ድሮም ከኔ ሥራ ጋር አልገጥም ብላ አስቸግራኝ ነበር።"

ሳላስበው ሳቅ አመለጠኝ። ከዚያ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረብኝ፤ ሴትዮዋ ከዘንቢሏ ቀና ብላ አየችኝ። ተናድጄበት ነበር እኮ! አሁንም ተናድጄበታለሁ። ግን ትከሻው ትከሻዬን ሲነካ እንደ ሕፃን እየተንቀጠቀጠ ነበር፣ እኔም ከዚያ በላይ ልቆጣው አቅም አጣሁ።

"ሙላቷ" አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ወደ መስኮቱ እያየ። "ምን ነበር ያለው? ደግመሽ ንገሪኝ እስቲ። አብዱልሰላም ሲተረጉም ጆሮዬ ጮኾብኝ በደንብ አልሰማሁትም።"

ሰምቶታል። እያንዳንዷን ቃል ሰምቷታል።

"እንዲህ ያለ እጅ ዛሬ በዓለም ላይ የለም ነው ያለው" አልኩት።

"እንደዚያ አለ?"

"እንደዚያ አለ።"

ትንሽ ሄደን እንደገና ጠየቀኝ፣ እንደገና ነገርኩት። ሶባ እስክንደርስ ስነግረው መጣሁ።

መኪናዋ ተጭና ሄደች። አሁን የት አገር፣ በየትኛው መስታወት ቤት ውስጥ ቆማ፣ ማን ቀርቦ "የዚያ የጣልያን ሊቅ እጅ ነው" እያለ ራሱን እንደሚነቀንቅ አላውቅም። ያረጋል ንስሐውን ገብቷል፣ ቀኖናውን ፈጽሟል፣ ለሰው ትንፍሽ ብሎ አያውቅም፤ እኔንም ዝም አይነቅዝም ይለኛል። ይበል። ማተቡን ይዞ የማለው እሱ ነው። እኔ አልማልኩም። ያችን መኪና የሠራት ባሌ ነው፣ ያረጋል ነው።